የጣና መሻገሪያና የጎርጎራ ወደብ መታደስ

ስለ አንድ ወደብ መታደስ ፍርድ ለመስጠት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ፣ ወደቡ ለማን ተሠራ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ግንቡ ቢያምር፣ አጸዱ ቢለመልም፣ ይህ የሕንፃ ነገር ነው። ወደብ ግን ሕንፃ ከመሆኑ በፊት ልማድ ነው፤ ሰው በታወቀ ቀን መጥቶ መርከብ የሚጠብቅበት፣ ጭነቱን የሚያወርድበት፣ ዘመዱን የሚቀበልበት፣ የማዶውን አገር ወሬ የሚሰማበት ስፍራ ነው። በጣና ሐይቅ ሰሜን ዳርቻ ያለው የጎርጎራ ወደብ፣ በቅርብ ዓመታት በአካባቢው በተደረገው ሥራ ምክንያት፣ ስሙ እንደገና በአገሩ ሁሉ ተሰምቷል። ስለ ሥራው ብዙ ምስጋና ተነግሯል፤ ምስጋናውም ያለ አግባብ አይደለም። ሆኖም ወደቡ ከመነሻው የቆመበት ጉዳይ፣ ማለት የሕዝቡ ከዳር እስከ ዳር መሻገር፣ በዚያ ምስጋና ውስጥ ያገኘው ስፍራ ጥቂት ነው። የዚህ ሐተታ ጉዳይም ይኸው ነው።

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ የሚኖር ሰው መርከብ የሚቆምበት ወደብ በአጠገቡ የለውም፤ ነገሩን ግን ከራሱ ሰፈር ሊያስተውለው ይችላል። በአየር ጤና በኩል የጅማ መንገድ፣ በአስኮ በኩል የአምቦና የወለጋ መንገድ ይወጣል። በእነዚህ መውጫዎች መንገደኛ በሚቆምበት ስፍራ ሁሉ በቆሎ ጠባሽ፣ ሻይ ሻጭ፣ ተሸካሚ፣ ሸኚና ተቀባይ ይሰበሰባል። ጣራ ቢሠራለትም ባይሠራለትም ስፍራው መናኸሪያ ነው፤ መኪናው መንገዱን የለወጠ ዕለት ግን ጣራው ቆሞ መናኸሪያነቱ ይቀራል። የወደብም ሕግ እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ መኪና ቢቀር በእግርም ቢሆን ይኬዳል፤ በደሴት ለሚኖር ሰው ግን መርከብና ታንኳ ከቀሩ መንገድ የለውም።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ርዝመቱ 84፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ጥልቀቱ ግን ለስፋቱ ጥቂት ነው፤ ከ15 ሜትር ብዙ አያልፍም። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ይገቡበታል፤ ዓባይ ከደቡብ ጫፉ ከባሕር ዳር ይወጣል። በውስጡ 37 ያህል ደሴቶች ይቆጠራሉ፤ በብዙዎቹም ላይ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት አሉ። እንዲህ ያለ ውኃ በአንድ በኩል አገርን ከአገር ይለያል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ጎጃምን ከደምቢያ፣ ዘጌን ከደቅ ያገናኛል። መለያየቱ የተፈጥሮ ሥራ ሲሆን፣ ማገናኘቱ የሰው ጥበብ ሥራ ነው።

የዚህ ጥበብ የመጀመሪያ ፍሬ ታንኳ ናት። ታንኳ የምትሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ከደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፤ ከዚያም እየተጠቀለለ በልጥ ይታሰራል፤ አፍንጫዋ ሾጠጥ ብሎ ወደ ላይ ቀና ይላል። ቀዛፊው በቀርከሃ ግራና ቀኝ እያለ ይነዳታል። ውኃ ከሥር መግባቱ አይቀርምና ሰውና ጭነት የሚቀመጡት ከፍ ተደርጎ በተነጠፈ ደረቅ ደንገል ላይ ነው። ደንገሉ ውኃ በጠጣ ቁጥር ይከብዳል፤ ስለዚህ ታንኳዪቱ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተጎትታ በፀሐይ ትደርቃለች። ዕድሜዋም አጭር ነው፤ ባለቤቷ በየጊዜው አዲስ ይሠራል። ከዚህ የተነሣ ለታንኳ የሚስማማው ወደብ ዝቅ ያለ፣ ያለ ችግር የሚጎተትበት ዳርቻ ነው፤ ከፍ ያለ የድንጋይ ግንብ ለመርከብ ደረጃ ሲሆን ለታንኳ ግድግዳ ነው። ይህ ነገር ወደ ኋላ ስለሚያስፈልግ አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል።

በታንኳ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የታወቁት ነገደ ወይጦ ናቸው። ወይጦዎች ቀድሞ በሐይቁ ዳርና በዓባይ መውጫ ጉማሬ እያደኑ ይኖሩ ነበር። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ አማርኛ ተናጋሪዎች ሆነዋል፤ የእስልምና ተከታዮች ቢሆኑም ጉማሬ ይበሉ ስለ ነበረ ከክርስቲያኑም ከሌላው እስላምም ማዕድ ተለይተው ኖረዋል። የባህል ተመራማሪዎች ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ስለ እነርሱ ጽፈዋል፤ ይሁን እንጂ ብዙው ጽሑፍ ስለ ጠፋው ቋንቋቸውና ስለ ጉማሬው አደን ሲሆን፣ የሐይቁን ሕዝብ ስንት ዘመን እንዳሻገሩት የሚናገረው ጥቂት ነው። የማኅበራዊ ኑሮ ዝቅታቸው የሥራቸውን ክብር ሸፍኖታል።

የደንገልን ብርታት ዓለም የተረዳው ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. «ራ» የተባለችውን መርከብ በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ ባሠራ ጊዜ ነው። ደንገሉ ከጣና ተወስዶ ነበር። ሠሪዎቹ ግን ከቻድ ሐይቅ መጡ፤ በሚከተለው ዓመት ለተሠራችው ለሁለተኛዪቱ «ራ» ደግሞ ከቲቲካካ ሐይቅ ተጠሩ። የመጀመሪያዪቱ ከአሜሪካ ደሴቶች ሳትደርስ ተበላሸች፤ ሁለተኛዪቱ ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። እንግዲህ የጣና ሣር ውቅያኖስ ተሻገረ፤ የጣና እጅ ግን አልተጠራም። ይህ ነገር ዕቃውን አንሥቶ ባለ ዕቃውን የመተው ልማድ ከሩቅ ዘመን እንዳልሆነ ያሳያል።

ታንኳ ለሊቃውንትም አገልግላለች። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን በ1925 ዓ.ም. ገደማ የሐይቁን ዳርቻና ደሴቶች እየዞረ ሲያጠና መጓጓዣው ታንኳ ነበረች፤ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍም እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ቆይቶ የኢጣልያ ወረራ መጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው በዚያ ዘመን ጎርጎራ የጎንደር የሐይቅ በር ሆና በሞተር ጀልባ ከባሕር ዳር ጋር ተያያዘች። ጠላት ከወጣ በኋላም ውኃው ሥራውን አላቋረጠም፤ በሰሜን ጎርጎራ፣ በደቡብ ባሕር ዳር ሆነው፣ በመካከላቸው ያሉ መንደሮች ሁሉ በመርከብ የሚተያዩበት ልማድ ጸና።

የዚህ ልማድ ስም ከጊዜ በኋላ «ጣና ነሽ» ሆነ። የቀድሞዪቱ ጣና ነሽ ለብዙ ዓመታት በሐይቁ ላይ የተመላለሰች የሕዝብ መርከብ ናት። በሳምንት አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ተነሥታ በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላ፣ በደልጊ እየቆመች ወደ ጎርጎራ የምትሄደው መርከብ በመንገድ አንድ ሌሊት ታድር ነበር። አንድ ቀን ተኩል የሚፈጀው ይህ ጉዞ ለመንገደኛ ቀርፋፋ፣ ለጥናት ግን የበለጸገ ነበር፤ ምክንያቱም መርከቢቱ በቆመችባቸው ስፍራዎች ሁሉ የተለየ ኑሮ ይታይ ነበርና።

ዘጌ የቡና አገር ናት። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ቡናው የበቀለው ከአቡነ በትረ ማርያም በትር ነው፤ በዚያ ሞፈር ማንሣትና ከብት ማርባት በገዳሙ ሥርዓት የተከለከለ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ ዘጌ ቡናዋን፣ ጌሾዋንና ፍራፍሬዋን አውጥታ እህል ታስገባለች፤ መሻገሪያው ከተቋረጠ ሞሰቧ ይጎድላል። የደቅ ሰው በበኩሉ አራሽ ነው፤ ትርፉን ወደ ገበያ፣ ሕመምተኛውን ወደ ሐኪም፣ ልጁን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው በውኃ ነው። በደቅ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ። በአጠገቡ ያለችው ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አፅም የሚጠበቅባት ገዳም ስትሆን፣ ሴት ወደ እርስዋ አትወጣም፤ ስለዚህ በዳጋ የጀልባው መቆሚያ የሥርዓት ወሰን ነው። አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፤ አንዷ ከዳር ቀርታ ስለቷን በሰው እጅ ትልካለች። አንዲት መርከብ በአንድ ጉዞ የገበያ በር፣ የሐኪም ቤት ደጅና የገዳም ቅጽር ስትነካ፣ የእነዚህ ሁሉ መያዣ የሆነውን ዳርቻ የድንጋይ ክምር ብቻ አድርጎ ማየት ከንቱ ነው።

ይህ መሻገሪያ በሁለት ነገር ተዳከመ። አንደኛው የመኪና መንገድ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሰዓታት መድረስ ሲቻል በመርከብ ማደርን የሚመርጥ ነጋዴ ጠፋ፤ መርከቢቱም መንገድ ለሌላቸው ለደሴቱና ለምዕራቡ ዳርቻ ሰዎች ቀረች። እነርሱም ድምፃቸው ሩቅ የማይሰማ ድኾች ናቸው። ሁለተኛው የውኃው መጠን ነው። በ1988 ዓ.ም. በዓባይ መውጫ የጫራ ጫራ መቆጣጠሪያ ግድብ ከተሠራ በኋላ ሐይቁ ከዝናብ ሌላ የኤሌክትሪክንም ፍላጎት የሚከተል ሆነ። በ1995 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ ውኃው ከ1,785 ሜትር በታች ወርዶ፣ የመርከብ ጉዞ አራት ወር ያህል ተቋረጠ። በዚያው ጊዜ ብዙ የደንገል ቦታ ደርቆ ጠፋ፤ ውኃው በሸሸበት መሬት ላይም እርሻ ገባ። እንግዲህ በአንድ ዓመት መርከቡም ታንኳውም ተጎዱ፤ አንዱ የሚንሳፈፍበትን፣ ሌላው የሚሠራበትን አጣ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ሥራ ሲጀምር የሐይቁ ውኃ በሌላ በኩል መውጣት ያዘ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ የተስፋፋው እምቦጭ በዚህ ላይ ተጨመረ።

ነገሩ በዚህ ሁኔታ ሳለ በ2012 ዓ.ም. «ገበታ ለሀገር» የተባለው ዕቅድ ታወጀ። ዕቅዱ ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን ለማልማት ሲሆን፣ ገንዘቡን ለመሰብሰብ ለአንድ ሰው 10 ሚሊዮን ብር የሚከፈልበት የራት ግብዣ ተደርጓል። የጎርጎራው የእንግዳ ማረፊያ በ2016 ዓ.ም. ተመረቀ። በሚቀጥለው ዓመት «ጣና ነሽ 2» የተባለችው፣ ክብደቷ ከመቶ ቶን የሚበልጥ፣ ከ180 በላይ ሰው የምትጭን መርከብ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ በየብስ ወደ ጣና ተጓዘች። በየከተማው ሕዝብ ወጥቶ ተመለከታት። መርከብ ተራራ ስትወጣና ስትወርድ ማየት ለኢትዮጵያ ገበሬ ተረት የሚመስል ነገር ነው፤ ደስታውም እውነተኛ ነበር።

ይህን ሥራ ማሳነስ አይገባም። መርከብን ከባሕር ወደ ተራራ ሐይቅ ማምጣት በዓለም ታሪክ ውስጥ ጥቂት ምሳሌ ያለው ድካም ነው። በፔሩ «ያቫሪ» የተባለችው የቲቲካካ መርከብ ከእንግሊዝ ተፈታትታ በ1862 የፈረንጆች ዓመት ከደቡብ አሜሪካ ጠረፍ ከደረሰች በኋላ፣ ቁርጥራጮቿ በበቅሎና በሰው ጀርባ ወደ አንዲስ ተራራ ወጥተው፣ በውኃ ላይ የዋለችው በ1870 መጨረሻ ነው። ጎርጎራም ከብዙ ዘመን ዝምታ በኋላ መንገድና ማረፊያ ማግኘቷ፣ ለአካባቢው ወጣትም ሥራ መክፈቱ፣ ማንም ሊክደው የማይገባ ጥቅም ነው። ሒስ የሚያስፈልገው ሥራው ከንቱ ስለ ሆነ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ሥራው ትልቅ ስለ ሆነ ነው።

የመጀመሪያው ነገር የቅደም ተከተሉ ጉዳይ ነው። ማረፊያው ከመሻገሪያው ቀደመ። አልጋው ከተነጠፈ በኋላ መርከቢቱ ታሰበች። ይህ ሥርዓት እንግዳን የሚያስብ ሰው ሥርዓት ነው፤ እንግዳ መኝታ ካገኘ ውኃውን ከመስኮት ሊያየው ይችላልና። የደቅ ሰው ግን ሐይቁን ሊያየው አይፈልግም፤ ሲያየው ኖሯል። የሚፈልገው ሊሻገረው ነው። እቅድ ከማዶው ሰው ቢጀምር ኖሮ መጀመሪያ የሚታሰበው የጉዞው ቀን፣ ቀጥሎ የሚቆምባቸው ዳርቻዎች፣ በመጨረሻም የእንግዳው አልጋ በሆነ ነበር።

ሁለተኛው የስሙ ጉዳይ ነው። አዲሲቱ መርከብ ሌላ ስም ሊወጣላት ይቻል ነበር፤ «ጣና ነሽ 2» መባሏ ግን የሚያስመሰግን ነው፤ ቀዳሚዪቱን ያስባልና። ነገር ግን «ሁለተኛ» የሚለው ቃል ቃል ኪዳን ነው። ሁለተኛ የሚባል የመጀመሪያውን ሥራ የሚቀጥል ነው። ልጅ የአያቱን ስም ሲወስድ ርስቱንም ግዴታውንም ይወስዳል። የመጀመሪያዪቱ ርስት ደግሞ ሽርሽር አልነበረም፤ ቡናና እህል፣ ካህንና ተማሪ፣ ሕመምተኛና ሙሽራ ነበር። ስለ አዲሲቱ በተነገረው ወሬ ውስጥ ብዛት ያለው ስለ ክብደቷ፣ ስለ መንገዷና ስለ ምቾቷ ነው። ጎልቶ መነገር የነበረበት ግን በየትኛው ቀን በየትኛው ዳርቻ እንደምትቆም፣ የደቅ ሴት በስንት ብር እንደምትሳፈር፣ የጤፍ ጆንያ ይጫን እንደ ሆነ ነው። መርከቢቱ በእነዚህ ጥያቄዎች የምትመለስ ከሆነ ስሟ እውነት ይሆናል፤ የማትመለስ ከሆነ ግን የቀዳሚዪቱን ስም ይዛ ሌላ ሥራ የምትሠራ እንግዳ ናት።

በዚህ ነገር የሚጠቅም ምሳሌ በታንጋኒካ ሐይቅ ይገኛል። «ሊምባ» የተባለችው መርከብ በ1913 የፈረንጆች ዓመት በጀርመን ተሠርታ፣ ተፈታትታ ወደ አፍሪካ መጣች፤ በጦርነቱ ጊዜ እንድትሰምጥ ተደረገ፤ በ1924 ከውኃ ወጥታ ከ1927 ጀምሮ ሕዝብ ስታሻግር ኖረች። ትቆምባቸው በነበሩት በአብዛኞቹ መንደሮች ግንብ ወደብ አልነበረም፤ መርከቢቱ ከዳር ራቅ ብላ ስትቆም የመንደሩ ጀልባዎች ወደ እርስዋ ይመጡ ነበር፤ ሰውም ዕቃም በእነርሱ ይወርድ፣ ይወጣ ነበር። ወደብ ሳይኖር የወደብ ሥራ ተሠራ ማለት ነው። ያቫሪ በፑኖ ቆማ የሙዚየም መርከብ ስትሆን፣ ሊምባ የሕዝብ መርከብ በመሆን ታሪክ ሆነች። ለጣና ነሽ የሚቀርበው ምርጫ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ሦስተኛው የውኃውና የዳርቻው ነገር ነው። ጣና በዓመት ውስጥ ከፍና ዝቅ ይላል፤ በግንቦትና በሰኔ ያንሳል፤ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል። በመስከረም የተለካ ደረጃ በግንቦት አየር ላይ ይንጠለጠላል። የ1995ቱ አራት ወር የሚያስተምረው፣ የመርከብ ወደብ ለሙሉ ውኃ ብቻ ሳይሆን ለጎደለም ውኃ መሠራት እንዳለበት፣ የሐይቁንም ውኃ የሚለቅ መሥሪያ ቤት የመርከቡን ባለቤት ሳያማክር እንዳይለቅ ነው። የታንኳም ዳርቻ አይዘንጋ። ግንቡ የዳሩን ርዝመት ሁሉ ከያዘ ታንኳ የምትጎተትበትና የምትደርቅበት ስፍራ አይኖርም። ዳርቻን ማስዋብ በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚነቀለው ደንገል ነው፤ ደንገል ለመሐንዲስ አረም መስሎ ይታያልና። ነገር ግን ደንገል የታንኳ እንጨት፣ የዓሣ መራቢያ፣ የደለል ማጣሪያ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. ከዩኔስኮ የሕይወት ክልሎች መዝገብ ሲገባ የተመሰከረለት በእንዲህ ያለ ሀብቱ ነው።

አራተኛው የሰዎቹ ነገር ነው። በእንግዳ ማረፊያዎች ግድግዳ ላይ የታንኳ ሥዕል ማየት የተለመደ ሆኗል፤ ትንንሽ ታንኳዎችም ለመታሰቢያ ይሸጣሉ። ይህ ክፉ አይደለም። ግን የታንኳ ሥዕል እየበዛ የታንኳ ሠሪ መኖሪያ ከዳርቻው እየራቀ ከሄደ፣ ያ በ«ራ» ጊዜ የታየው ነገር እንደገና ይደገማል፤ ሣሩ ይመሰገናል፤ እጁ ይረሳል። በባሕር ዳር የከተማው መስፋፋት ወይጦዎችን ከሐይቁ ዳር ሲገፋቸው ኖሯል። በጎርጎራ ይህ እንዳይደገም ጊዜው አሁን ነው። ለታንኳ ሠሪው የሚበጀው ምስጋና ሳይሆን ደንገል የሚያጭድበት ዳር፣ የሚሠራበት ሜዳና የሚሸጥበት ገበያ ነው።

ጎርጎራ ራሷ በዚህ ጉዳይ ላይ ምስክር አላት። ከወደቡ ራቅ ብሎ በሐይቁ ዳር ማርያም ግምብ የተባለው ፍርስራሽ ይታያል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከኢየሱሳውያን ሚሲዮን ጋር የተሠራ፣ በጠራቢ እጅ የተዋበ የድንጋይና የኖራ ሥራ ነበር። የሚሲዮኑ መሪ ፔሮ ፓኤዝ በ1614 ዓ.ም. የሞተው በዚሁ በጎርጎራ ነው። የንጉሡ የሃይማኖት ለውጥ አገሩን በጦርነት አስጨነቀ፤ በ1624 ዓ.ም. የቀድሞው ሃይማኖት ተመለሰ፤ ሚሲዮኑም ተባረረ፤ ግምቡ ባለቤት አጣ። በሌላ በኩል ከወደቡ በእግር ጥቂት ሲኬድ ደብረ ሲና ማርያም ትገኛለች። በአፈ ታሪክ ከ14ኛው መቶ ዓመት የተተከለች፣ በ17ኛው መቶ ዓመት ሥዕሎች ያጌጠች፣ የሣር ክዳን ያላት ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። ድንጋዩ ፈረሰ፤ ሣሩ ቆመ። ሣር ከድንጋይ ይጸናል ማለት አይደለም፤ ሣሩን በየጊዜው የሚቀይር ሰው ስላለ ነው። ሕዝብ የኔ ያለው ነገር ቢያረጅ ይታደሳል፤ ሕዝብ የኔ ያላለው ነገር ቢጸናም ይፈርሳል። የወደቡን ዕድሜ የሚወስነው የሲሚንቶው ጥራት ብቻ እንዳይመስል ሁለቱን ቤቶች በአንድ ቀን ማየት ይበቃል።

ወደቡ በእንግዳ ገቢ ይተዳደር የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። መልሱ ከፊል እውነት ነው፤ የእንግዳ ገንዘብ የድኻውን ጉዞ ሊደግፍ ይችላል። ነገር ግን እንግዳ የሰላም ጊዜ ወፍ ነው። በ2012 ዓ.ም. የመጣው ወረርሽኝ፣ ከዚያም በሰሜኑ አገር የተነሡት ጦርነቶችና ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የታየው ግጭት የጎንደርንና የባሕር ዳርን እንግዶች አሳስተዋል። በእነዚያ ወራት ሁሉ የደቅ ሰው ከደቅ አልሄደም፤ የዘጌም ቡና መብሰሉን አልተወም። በችግር ጊዜ ወደቡን ሞልቶ የሚጠብቀው ይኸው ነዋሪ ነው። እንግዳው በላዩ ሲጨመር በረከት ይሆናል፤ በእርሱ ቦታ ሲተካ ግን ወደቡ እንግዳ የጠፋ ዕለት ባዶ አዳራሽ ይሆናል።

ስለዚህ የሚጠየቀው ነገር ትልቅ ገንዘብ የሚፈልግ አይደለም። የመርከቢቱ የጉዞ ቀን ከየዳርቻው የገበያ ቀን ጋር ተስማምቶ ይወሰን፤ ውሳኔውም በአማርኛ ተጽፎ በየመቆሚያው ይለጠፍ። ለነዋሪው የሚከፈለው ዋጋ ከእንግዳው ዋጋ ተለይቶ ይታወቅ። ጆንያ፣ የዶሮ ቅርጫትና ፍየል የሚጫንበት ስፍራ በመርከቢቱ ይከለል። በወደቡ አጠገብ ግንብ የማይነካው ዝቅ ያለ ዳርቻ ለታንኳ ይተው፤ ደንገሉም በዚያ ይጠበቅ። የቀድሞዪቱን ጣና ነሽ የነዱ፣ በእርስዋ የነገዱ፣ በእርስዋ ልጃቸውን የዳሩ ሰዎች በሕይወት ሳሉ የሚያውቁት ይጻፍ፤ የታንኳ አሠራርም ደረጃ በደረጃ፣ ከነቃላቱ፣ ከሠሪዎቹ አፍ ይመዝገብ። ይህ የመጨረሻው የተማሪዎችና የባህል ጥናት ማኅበራት ፈንታ ነው፤ ለመሐንዲስና ለባለ ሥልጣን ሊተው አይገባም። የወደቡ ግንብ ሲሰነጠቅ የሚጠግነው ይገኛል፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር የሚቀበረውን የመሻገሪያ ቋንቋ ግን መልሶ የሚያቆመው አይገኝም።